የመንግሥት ትምህርት ቤትና ሃይማኖት የሌለው ቤተሰብ

(ለጥናት ክበባችን ውይይት የተዘጋጀ)

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ በግቢያችን ውስጥ በሹክሹክታ ካልሆነ በቀር በአደባባይ ሲነገር አይሰማም። ጥያቄው ግን አጭር ነው። ከሕዝብ በተሰበሰበ ግብር በሚተዳደር ትምህርት ቤት ውስጥ ሃይማኖት ምን ያህል ቦታ ሊኖረው ይገባል? ይልቁንም አንዱንም ሃይማኖት የማይከተሉ ወላጆች ልጃቸውን ወደዚያ ሲልኩ ምን መብት አላቸው?

ነገሩን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውቃለን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አምስታችን በሃይማኖት አንድ አይደለንም። ከመካከላችን ረቡዕና ዓርብ የሚጾም አለ፤ አምስት ጊዜ የሚሰግድ አለ፤ እሑድ ጧት ከመዝሙር የማይቀር አለ፤ ምንም የሌለውም አለ። ስለዚህ ጽሑፉ ሃይማኖትን ለመንቀፍ ወይም ሃይማኖት የለሽነትን ለመስበክ የተነሣ እንዳይመስል እንለምናለን። የተነሣው አንድ ነገር ዓይተን ዝም ማለት ስላልቻልን ነው።

ሀ/ ዱከም ላይ የሰማነው

ባለፈው ክረምት አምስት ሆነን ለትንንሽ ልጆች የክረምት ትምህርት ለመርዳት ወደ ዱከም ተመላልሰናል። ዱከም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስታውሰው ጥሬ ሥጋውን ነው። ከተማዪቱ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር አላት። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ገላንን አልፎ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ባቡርም ከባድ መኪናም የሚያልፍባት ከተማ ናት። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር ከተቋቋመና በ2004 ዓ.ም. የቻይናው ሁዋጂየን የጫማ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከአገሪቱ ማእዘን ሁሉ ሠራተኛ መጥቶባታል። የዚህ ሁሉ ሠራተኛ ልጅ የሚገናኘው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። የኦርቶዶክሱ፣ የእስላሙ፣ የጴንጤው፣ የካቶሊኩ፣ የዋቄፈታውም ልጅ በአንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል።

ከምናስተምራቸው ልጆች አንዲቱ ሦስተኛ ክፍል የጨረሰች ነበረች። አባትዋ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል፤ ካደገ በኋላ ግን ሃይማኖቱን ትቷል። እናትዋ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ስትሆን፣ አያትዋ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ እርጥብ ሣር ይዘው ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ለኢሬቻ የሚወርዱ ሴት ናቸው። ባልና ሚስቱ ልጃቸውን በማንም ሃይማኖት ሳያስመዘግቡ ለማሳደግ ተስማምተዋል። አባትየው ይህን ሲነግረን፦ «አድጋ ልብዋ የፈቀደውን ብታምን አልከለክላትም፤ ያላመነችውን አምናለሁ እንድትል ግን አልፈልግም» አለን።

ነገሩ የሆነው በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ሳምንት ነው። የትምህርት ቤቱንም የመምህርቷንም ስም አንጠቅስም። መምህርቷ የክፍሉን ልጆች በየሃይማኖታቸው እጅ እያስነሣች መዘገበች። ልጅቱ ለአንዱም እጅዋን አላነሣችም። መምህርቷም፦ «አንቺስ? ሰው ያለ ሃይማኖት ይኖራል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። በቍጣ አልነበረም። ክፍሉ ግን በሙሉ ሳቀ። ልጅቱ እያለቀሰች ቤትዋ ገባች። እናትዋ ምን ታድርግ? «ሁለተኛ ስትጠይቅሽ ከብዙዎቹ ጋራ እጅሽን አንሺ» አለቻት። ልጅቱም እንደ ተባለችው አደረገች፤ ሳቁም ቆመ።

አባትየው ይህን ሲተርክልን ድምፁ ዝቅ አለ። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ፍረዱኝ» አለ። «ልጄን እዚያ የላክኋት እውነት እንድትማር ነበር። ዘንድሮ በመጀመሪያው ሳምንት የተማረችው ግን መዋሸት ሆነ። ያስተማርናትም እኛው ወላጆቿ ነን።»

እኛም ከፍርዱ በፊት ሌላውን ወገን መስማት ይገባል ብለን መምህርቷን አነጋገርናት። ክፉ ሰው አልነበረችም። ልጆቹን የመዘገበችው የጾም ጊዜ ሲደርስ የሚጾሙትን ለይታ በስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዳይደክሙ ለመጠበቅ ነበር። አንድ ልጅ ምንም የሌለው ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ በፍጹም አልመጣባትም። ይህን ስንሰማ ነገሩ ይበልጥ ከበደን። ክፋት ያለበት በደል ሲታይ ሰው ይናደዳል፣ ይከሳል፣ ያርማል፤ በቅን ልብ የተሠራን በደል ግን ማንም በደል ነው ብሎ አይቈጥረውም።

በሚኒባስ ስንመለስ እስከ ቃሊቲ ድረስ ተከራከርን። አንዱ ጓደኛችን፦ «እጅ ማንሣት ምን ነገር አለው? ብዙ ታካብዳላችሁ» አለ። ሌላው፦ «አንተ እጅህን ለማንሣት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መለሰለት። ያን ቀን የጀመርነው ክርክር ነው ይህን ጥናት ያስጻፈን።

ለ/ ነገሩ ከየት መጣ?

በአገራችን ትምህርትና ሃይማኖት ለብዙ ዘመን አንድ ቤት ነበሩ። ፊደል የሚቈጠረው በቄሱ ዘንድ፣ ቁርኣን የሚቀራው በመድረሳ ነበር። ለዚህ ውለታ ማንም ምስጋና አይነፍግም፤ ይህን ጽሑፍ የምንጽፍበትን ፊደል ጠብቀው ያቆዩልን የቤተ ክህነት ሰዎች ናቸው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ለመክፈት ሲነሡ፣ የአውሮፓ መምህራን የልጆቹን ሃይማኖት ያስለውጣሉ የሚል ሥጋት ከቤተ ክህነት ተነሣ። ማስታረቂያ ሆኖ የተገኘው መምህራኑን ከግብፅ ቅብጦች ማምጣት ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገና ሲከፈት፣ የማን ሃይማኖት ሰው ያስተምር የሚለው ጥያቄ በሩ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ነገሩ በሕግ መልክ ያዘ። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክፍልና ለሚሲዮን ክፍት የሆነ ክፍል ብሎ ለሁለት መደባት። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረጋት። በዚሁ ዘመን ንጉሡ ተናገሩት እየተባለ «ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለው ቃል በሕዝብ አፍ ይዞር ነበር። ቃሉ መልካም ነው። ሕጉ ግን ከቃሉ ጋራ አልሄደም፤ የግል የተባለው ነገር በጋራ ገንዘብ የሚደገፍ ሆነና።

የጋራ ገንዘብ ስንል የምናስበው አንድ ነገር አለ። በ1940 ዓ.ም. የታወጀው የትምህርት ግብር የተጣለው በመሬት ላይ ነበር። የባሌው እስላም ባላገርም የሸዋው ክርስቲያን ባላገርም በመሬቱ ልክ ይከፍላል። ግብር ሰብሳቢው ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ትምህርት ቤቱ ግን ልጁን ይጠይቀዋል። ከዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚዛባው።

በዚያው ዘመን አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከ1937 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ደግሞ ከመጀመሪያው አንሥቶ የመሩት ከካናዳ የመጡ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ነበሩ። የኮሌጁም መሥራች ዶክተር ሉሲየን ማት ከእነርሱ አንዱ ናቸው። የተቀጠሩት ግን ለማስተማር እንጂ ለመስበክ አልነበረም። ራሱን ለሃይማኖት የሰጠ መነኵሴ እንኳ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብና ፊዚክስ አስተምሮ ስብከቱን በደጅ ሊያቆየው የሚችል ከሆነ፣ የዛሬው መምህር አይቻለኝም ሊል የሚችልበት ምክንያት አይታየንም።

የዚያ ሥርዓት ሸክም ከብዶ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ 12 ቀን የአዲስ አበባ እስላሞችና ከእነርሱ ጋራ የወጡ ብዙ ክርስቲያኖች፣ ከነዚያም መካከል የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሃይማኖት እኩልነት ይከበር ብለው በአደባባይ ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። ብዙም ሳይቈይ ኢድ አልፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወቁ፤ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያንም ተለያዩ።

ይሁን እንጂ ደርግ በአንድ እጁ ያነሣውን በሌላ እጁ መለሰው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ቦታ ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን አስቀመጠ። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ነጻነትን ቢጽፍም፣ በትምህርት ቤት የፖለቲካ ትምህርት ግዴታ ነበር፤ ብዙ አማኞችም፣ ይልቁንም የወንጌላውያን ምእመናን፣ ታስረዋል፣ ጸሎት ቤታቸውም ተዘግቷል። የዚያ ዘመን ተማሪ ያላመነበትን መፈክር ጡጫውን ጨብጦ ያስተጋባ ነበር። ጡጫውን የሚያነሣው ልጅና ዱከም ላይ እጅዋን ያነሣችው ልጅ የተማሩት ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ከብዙኃኑ ላለመለየት ሲባል መዋሸት ነው። ስለዚህ ገለልተኛ ትምህርት ቤት ስንል ሃይማኖትን የሚያሳድድ ትምህርት ቤት ማለታችን እንዳልሆነ ከዚህ ላይ ይታወቅልን።

ሐ/ ሕጉ ምን ይላል?

ዛሬ የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉንን ቍጥሮች በየተራ እንመልከት፤ እያንዳንዱ አንባቢም ከራሱ ቅጂ ጋራ እንዲያስተያይ እንመክራለን።

1ኛ/ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል።

2ኛ/ አንቀጽ 90 ንኡስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ለጥናታችን ዋናው አንቀጽ ይህ ነው። ከሦስቱ ነገሮች አንዱን ብቻ መርጦ መያዝ እንደማይቻልም ልብ ይሏል።

3ኛ/ አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነጻነትን ይሰጣል። ንኡስ አንቀጽ 2 ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቍሙ ይፈቅዳል፤ ይህን ሲፈቅድ ግን አንቀጽ 90 ንኡስ አንቀጽ 2 እንደ ተጠበቀ ሆኖ ይላል። ንኡስ አንቀጽ 3 ማንም ሰው በማስገደድ የፈለገውን እምነት እንዳይዝ መከልከል እንደሌለበት ይናገራል። ንኡስ አንቀጽ 4 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት ይሰጣቸዋል።

ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ንኡስ አንቀጽ 4 «በእምነታቸው» ሲል፣ እምነት የሌለው ወላጅ ከዚህ መብት ውጭ ነውን? ቃሉን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ውጭ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን አንቀጽ 13 ንኡስ አንቀጽ 2 በመብቶች ምዕራፍ ውስጥ ያሉት ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋራ በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጐሙ ያዛል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም.፣ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንን በ1985 ዓ.ም. ተቀብላለች። በቃል ኪዳኑ 18ኛ አንቀጽ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በዚያው በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1993) 22ኛውን አጠቃላይ ማብራሪያ አውጥቷል። ማብራሪያው አንቀጹ በአምላክ ማመንን፣ አለማመንንና ሃይማኖት ያለመያዝን መብት ሁሉ እንደሚጠብቅ በግልጽ ይናገራል። ስለ ትምህርት ቤትም ሲያብራራ፣ የሃይማኖቶችን ታሪክና ሥነ ምግባርን በገለልተኛነት ማስተማር እንደሚቻል፣ የአንድን ሃይማኖት ትምህርት መስጠት ግን ልጁን ያለ አድልዎ ነጻ የሚያደርግ ሥርዓት ከሌለ ከአንቀጹ ጋራ እንደሚጋጭ ይገልጻል።

እንግዲህ ከአንቀጽ 27 ወደ አንቀጽ 13፣ ከዚያም ወደ ቃል ኪዳኑ ስንሄድ መልሱ ይገኛል። የዱከሙ አባት ልጁን ያለ ሃይማኖት የማሳደግ መብቱ፣ የጎረቤቱ ቄስ ወይም ሼህ ልጃቸውን በሃይማኖታቸው የማሳደግ መብት ካላቸው ጋራ እኩል ነው።

የሕግ አውጪው ልብ እንዲህ ሲሆን የቈጣሪው መዝገብ ግን ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሕዝብ ቈጠራ ከሕዝቡ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶው እስላም፣ 18.6 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 2.6 በመቶ ገደማው የባህላዊ እምነት ተከታይ፣ ከአንድ በመቶ በታች የሆነው ካቶሊክ፣ እንደዚሁ ከአንድ በመቶ በታች የሆነው ደግሞ «ሌላ» ነው አለን። ሃይማኖት የሌለው ሰው የራሱ ዐምድ የለውም። ያልተቈጠረ ሰው ደግሞ የለም ይባላል።

ቋንቋችንም አያግዘውም። «ሃይማኖት የለሽ» የሚለው ቃል መግለጫ ከመሆን ይልቅ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ከሃይማኖት ነጻ የሆነውን ትምህርት «ዓለማዊ» ብንለው፣ ዓለማዊ ማለት በብዙ ሰው ጆሮ ለሥጋው ያደረ ማለት ነው። በሌላ በኩል «እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ሃይማኖት የሌለው ጓደኛችን ራሱ ፈተና አልፎ ሲወጣ የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሰላምታንና የቋንቋን ልማድ ሁሉ የሃይማኖት ጫና ነው ብሎ መክሰስ አይገባም። ጫናው የሚጀምረው ትምህርት ቤቱ ልጁን ቁምና መስክር ሲለው ነው።

መ/ መለያው መሥመር የቱ ነው?

ከብዙ ክርክር በኋላ ክበባችን የተስማማበት መለያ ይህ ነው፤ ልጁ ይዞት የሚመጣው ነገር ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚጭንበት ነገር ሌላ ነው። አንገት ላይ ያለ ማዕተብ፣ ራስ ላይ ያለ ሂጃብ፣ ጾሙን ላለመግደፍ ምሳ የማይበላ ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ ተማሪው ይዟቸው የሚመጣ ናቸው። መምህሩ የሚመራው ጸሎት፣ በክፍል ውስጥ የሚደረግ ስብከት፣ በእጅ የሚቈጠር ሃይማኖት ግን ደመወዙን ከሕዝብ ካዝና የሚቀበል ሰው በሥልጣኑ የሚያደርገው ነው።

ይህ መለያ በሁለቱም ወገን ይሠራል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ልጃገረዶች በዚሁ ምክንያት ለብሔራዊ ፈተና እንዳይመዘገቡ ተከልክለው ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በእኛ መለያ መሠረት ልጃገረዶቹ ትምህርት ቤቱን ሃይማኖታዊ አላደረጉትም፤ ይዘው የመጡት የራሳቸውን ነው። ያቺን ልጅ ከፈተና የሚያስቀርና ዱከም ላይ ያለችውን ልጅ እጅሽን አንሺ የሚል ትምህርት ቤት ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በልጅ ሕሊና ላይ ይሠለጥናሉ። የትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. በትምህርት ተቋማት ውስጥ ስላለው የአምልኮ ሁኔታ መመሪያ እስከ ማውጣት የደረሰውም መሥመሩ የት ላይ እንደሚሰመር ያለማቋረጥ ስለሚያከራክር ነው።

የሌላውንም ዓለም ልምድ ጥቂት እንይ። በአሜሪካ፣ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ ሻምፔይን በምትባል ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በትምህርት ሰዓት የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ያሰጡ ነበር። ወላጅ ካልፈለገ ልጁ አይገደድም። ቫሽቲ ማኮለም የተባለች ሃይማኖት የሌላት እናት ልጅዋን አላስገባም አለች። ልጁም ሌሎቹ ሲማሩ ብቻውን ሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ በጓደኞቹም ይቀለድበት ጀመር። እናቱ ከሰሰች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1948 በስምንት ድምፅ ለአንድ ፈረደላት። ከዚህ የምንማረው «ያልፈለገ ይውጣ» ማለት ለዐዋቂ ነጻነት ሊሆን ቢችልም ለሕፃን ግን ቅጣት ሊሆን እንደሚችል ነው።

በኖርዌይ ደግሞ መንግሥት ክርስትናን፣ ሌሎች ሃይማኖቶችንና ፍልስፍናን ያዋሐደ አንድ የትምህርት ዓይነት አወጣ። ልጃቸውን ለማስቀረት የሚፈልጉ ወላጆች ከየትኛው ክፍል እንደሆነ እየለዩ ማመልከት ነበረባቸው። የሰብአዊነት ማኅበር አባላት የሆኑ ወላጆች ተከራከሩ፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2007 በዘጠኝ ድምፅ ለስምንት ፈረደላቸው። ከምክንያቶቹም አንዱ ይህ አሠራር ወላጆች የውስጥ እምነታቸውን ለትምህርት ቤቱ ለመግለጥ ይገፋፋቸዋል የሚል ነው።

ፍርዱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል እንዳይመስል ግን የኢጣሊያውንም እንጨምራለን። ሶይሌ ላውትሲ የምትባል እናት በመንግሥት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መስቀል ይነሣ ብላ ተሟገተች። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በ15 ድምፅ ለ2 መስቀሉ ቢቀመጥ መብትዋን አይጥስም አለ፤ ግድግዳ ላይ ያለ ምልክት ልጁን እንደ ስብከትና እንደ ጸሎት አያስገድደውምና። በዚህ ፍርድ ላይ በክበባችን ውስጥ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ሠ/ የሚነሡ መከራከሪያዎች

የመጀመሪያው «አገሩ የአማኞች አገር ነው፤ ለጥቂቶች ሲባል ብዙኃኑ ለምን ይጨነቃል?» የሚል ነው። እኛ ግን ብዙኃኑ ማን ነው ብለን እንጠይቃለን። በአንዱ ከተማ ብዙ የሆነው በሌላው ከተማ ጥቂት ነው። በጅግጅጋ የክርስቲያኑ፣ በጎንደር የእስላሙ፣ በወላይታ የኦርቶዶክሱና የእስላሙ ልጅ ጥቂት ሆኖ ይቀመጣል። ሃይማኖት የሌለው ሰው ግን በሄደበት ሁሉ ጥቂት ነው። ለእርሱ የሚበቃ ሕግ ከተሠራ፣ ከአገሩ ርቆ ለሚማር ለማንኛውም ልጅ ይበቃል።

ሁለተኛው «ሃይማኖት ከወጣ ግብረ ገብ በምን ይቆማል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ከልብ የሚጠይቁ ደጋግ ሰዎች ስላሉ አቃለን አናልፈውም። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም በታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። አትስረቅ፣ አትዋሽ፣ ታላቅህን አክብር፣ የወደቀውን አንሣ የሚለውን ሁሉም ሃይማኖቶች ያስተምራሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ከሆነ ደግሞ በአንዱ ስም ብቻ ማስተማር አያስፈልግም። ምክንያቱን አስረድቶ ማስተማር ይቻላል፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ እምነት ደግሞ በቤቱ የራሱን መሠረት ይጨምርበታል። በሰባት ዓመቱ «እንዳትዋሽ» የተባለን ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ እንዲዋሽ የሚያደርግ አሠራር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፈርሰው ግብረ ገብን ነው።

ሦስተኛው «ታዲያ ልጆች ስለ ሃይማኖት ምንም አይወቁ ማለታችሁ ነው?» የሚል ነው። አይደለም። የአክሱምን ወደ ክርስትና መግባት፣ የነጃሺን እንግዳ ተቀባይነት፣ ላሊበላን፣ ሐረርን፣ የገዳን ሥርዓት ሳያውቅ የኢትዮጵያን ታሪክ አወቅሁ የሚል ተማሪ የለም። ሆኖም ሰዎች ይህን አምነው ይህን ሠሩ ብሎ ማስተማርና እናንተም ይህን እመኑ ብሎ ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ረ/ ምን ይደረግ?

የሚከተለውን አሳብ ለውይይት እናቀርባለን።

1ኛ/ የተማሪ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ሃይማኖት የሚጠይቅ መሥመር ካለ ይውጣ። ለጾም፣ ለበዓል ወይም ለምግብ ማወቅ ካስፈለገ ወላጁ ፈቅዶ በጽሑፍ ያስታውቅ። መምህርቷ ዱከም ላይ የፈለገችው ነገር በዚህ መንገድ ያለ አንድ ልጅ ዕንባ ይፈጸም ነበር።

2ኛ/ መምህር በክፍል ውስጥ ጸሎት አይምራ፤ የተማሪን ሃይማኖት በጓደኞቹ ፊት አይጠይቅ። ይህ በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ይሰጥ፤ ብዙው ስሕተት ካለማወቅ የሚመጣ ነውና።

3ኛ/ የሃይማኖት ትምህርት በየቤቱ ይሰጥ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1882 ትምህርትን ከሃይማኖት ስትለይ፣ ወላጆች የፈለጉትን እንዲያስተምሩበት በሳምንት አንድ ቀን ለቃ ነበር። እኛ ይህን አዲስ መፍጠር አያስፈልገንም፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ መድረሳውም፣ የወጣቶች የዝማሬ ፕሮግራሙም አሉ፤ ቅዳሜና እሑድም የእነርሱ ናቸው።

4ኛ/ ቅሬታ ያለው ወላጅ ብቻውን እንዳይቀር የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ይስማው። ከዚያ ካለፈ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሉ።

5ኛ/ እኛ ተማሪዎችም ራሳችንን እንመርምር። በግቢያችን ጉባኤው፣ ጀማዓውና ፌሎሺፑ አዲስ ተማሪን በአውቶቡሱ በር ላይ ይቀበሉታል፤ ይህ መልካም ነው። በምግብ አዳራሽም ጾመኛው የጾሙን ያገኛል፤ ይህም መልካም ነው። ግን በዐቢይ ጾም ፍስክ ሰልፍ ላይ የቆመውን ልጅ በምን ዓይን ነው የምናየው? ነገ መምህራን ሆነን የምንወጣው እኛ ነን። ዛሬ በሰልፍ ላይ የምናሳየውን ዓይን ነገ ወደ ክፍል ይዘነው እንገባለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

— ልጁ ይዞት የሚመጣውና ትምህርት ቤቱ የሚጭንበት ብለን የለየነው መለያ የሚያስቸግርበት ቦታ የቱ ነው? ለምሳሌ መስገጃ ቦታ የሚጠይቁ ተማሪዎች ወደየትኛው ወገን ይመደባሉ?

— የወላጅ መብትና የልጅ መብት ቢጋጩ፣ ለምሳሌ ሃይማኖት የሌላቸው ሰዎች ልጅ ማመን ብትፈልግ፣ ትምህርት ቤቱ ምን ያድርግ?

— የዱከሙን አባት ወይም መምህርቷን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ልጅቱ መስከረም ላይ አራተኛ ክፍል ገብታለች። አባትዋ ዘንድሮ ምን እንደሚላት ጠይቀነው ነበር። «እጅ አንሡ ከተባለ እውነቱን ተናገሪ ልላት እፈልጋለሁ፤ ግን ስቁን የምትችለው እርስዋ እንጂ እኔ አይደለሁም» አለን። ለዚህ መልስ አላገኘንም። እንዲህ ዓይነቱን ሸክም ከዘጠኝና ከዐሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አውርዶ ዐዋቂዎች እንዲሸከሙት ማድረግ የሕጉም የእኛም ሥራ ነው እንላለን። የተሳሳትነው ነገር ቢኖር በሚቀጥለው እትም እንድታርሙን እየለመንን አሳባችንን በዚህ እንገታለን።